ፍሬው ሳይደርስ መጭመቂያውን እንሥራ

(በደጋ አጥቢያዎች ለሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ፣ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ በሆነ ዲያቆን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21፣ ከእርሱም በፊት በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ስለ ወይን ቦታ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ምሥጢሩን አባቶቻችን በዐውደ ምሕረት ዘወትር ያስተምሩናልና ዛሬ ወደ ትርጓሜው አንገባም። ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ ያለውን አንድ የእርሻ ሥርዓት ልብ እንድንል እንወዳለን። ባለ ርስቱ ተክሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ ፍሬው ከመድረሱ አስቀድሞ የሚጨመቅበትን ስፍራ አዘጋጅቷል። መጭመቂያው የተከላው ክፍል እንጂ ከመከር በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አልነበረም። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነውም ይህንኑ ነው፤ አፕል የተከለ አጥቢያ መጭመቂያውንም ይሥራ።

በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በጨንቻና በዶርዜ አካባቢ፣ አፕል፣ በቀደመው አጠራር ፖም፣ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ከውጭ በመጡ ሚስዮናውያን እጅ ገብቶ ከጓሮ ወደ ጓሮ ተዛመተ። ዛፉ ብርድ ይወድዳል፤ ያለ ብርድ እንቅልፉን ጨርሶ አያብብም። ስለዚህ ከታች በአርባ ምንጭ ቆላ ሙዝና ማንጎ ሲበቅል፣ ከላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጨንቻ አፕል ይሰምራል። ዛሬ በሰሜን ሸዋ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋዎችም ብዙ ገበሬ ተክሎታል። ይህ መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ፍሬው ሲደርስ ነው።

የአፕል ገዢ የሚመርጠው ትልቁን፣ ቀዩንና ነቁጥ የሌለበትን ነው። በረዶ የመታው፣ ወፍ የጫረው፣ ትንሹና ጠማማው ወደ ኋላ ይቀራል። የቀረውን ፍሬ ገበሬው በመንገድ ዳር በረከሰ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ያም ካልሆነ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ሁለትና ሦስት ዛፍ ብቻ ያላት መበለት ከዓመቱ ፍሬዋ እኩሌታው እንዲህ ሲባክን ብታይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዛፉን ለመግረዝና ለመኮትኮት ምን ልብ ይኖራታል? ልጇስ ከሸማው ሥራ ሌላ ተስፋ በቀዬው ካላየ፣ ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? እንግዲህ የመጭመቂያው ነገር ከእንጨትና ከብረት ያለፈ ነው፤ ቤተሰብ በርስቱ ጸንቶ የመኖሩ ነገር ነው።

አንዳንዶቻችሁ ከጉባኤው በፊት «ማሽን ይገዛልን» የሚል ጥያቄ አቅርባችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር እናስብ። ከውጭ የመጣ ማሽን አንድ ጥርስ በተሰበረ ጊዜ፣ ወይም አንዲት ጎማ በተበጣጠሰች ጊዜ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? መለዋወጫ ያጣ ማሽን በዕቃ ቤት ተቆልፎ አቧራ ሲጠጣ ብዙዎቻችን አይተናል። ስለዚህ ምክራችን የአጥቢያው አናጺ የሚሠራው፣ ሲሰበርም ራሱ የሚጠግነው መጭመቂያ ነው። ይህ የድህነት ምርጫ ሳይሆን የባለቤትነት ምርጫ ነው።

ጥበቡም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጋሞ እናቶች እንሰቱን ፍቀው፣ ፈሳሹን ጨምቀው፣ አዝቅጠው ቡላ ያወጣሉ። ዲያቆናት በቤተ ልሔም ዘቢቡን ዘፍዝፈው ይጨምቃሉ። የአፕል መጭመቂያም በሦስት ነገር ይቆማል፤ ፍሬውን በሚያደቅቅ፣ የደቀቀውን በሚይዝ፣ የተያዘውን በሚጫን።

አስቀድመን ስለ ማድቀቁ እንናገር። ብዙ ሰው ኃይሉ ሁሉ በመጫኑ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሙሉ አፕል ወይም በቢላዋ የተቆራረጠ አፕል ግን ምንም ያህል ቢጫኑት ጥቂት ጭማቂ ብቻ ይሰጣል፤ ጭማቂው በሥጋው ውስጥ እንደ ታሸገ ይቀራልና። ፍሬው እስከ ባቄላ ክክ መጠን መድቀቅ አለበት። ለጥቂት ፍሬ በሚገባ የታጠበ ሙቀጫና ዘነዘና ይበቃል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ሙቀጫ ግን ሽታውን ስለማይለቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፍሬው ሲበዛ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ፣ ዙሪያውን የማይዝግ ብረት ብሎኖች የተተከሉበት፣ በእጀታ የሚዞር ድብልብል ግንድ በሣጥን ውስጥ ይሠራል። ይህን መሥራት አናጺውን ጥቂት ያደክመዋል፤ ሆኖም የመውቀጡ ድካም ሁሉ በእናቶች ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ፣ ወጣቶቹም እጀታውን ተራ ገብተው እንዲያዞሩ ያደርጋል።

ሁለተኛው የሚይዘው ነው። እዚህ ላይ የደጋው በረከት ይታያል። የዶርዜ ሸማኔ ሳሳ አድርጎ የሸመነው፣ ክሩ ግን ጠንካራ የሆነ የጥጥ ጨርቅ ለማጥለያ ይሆናል። የደጋው ቀርከሃ ደግሞ በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተሰንጥቆ፣ ጠርዙ ጨርቅ እንዳይቀድ ተፍቆ፣ በሁለት ድርብ ተጋድሞ ሲታሰር ርብራብ ይሆናል። ርብራቡ በምስማር አይመታ፤ ይታሰር። ቀለምና ቫርኒሽም አይነካው። ስፋቱ 35 በ35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ አጥቢያ በቂ ነው፤ ስድስት ያህል ርብራብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የሚጫነው ነው። ለዚህ የመኪና ክሪክ እንጠቀማለን፤ 6 ቶን የሚያነሣው ዓይነት ይበቃል። ይህ ኃይል በ35 በ35 ርብራብ ላይ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። «20 ቶን ብናደርገውስ?» የሚል ይኖራል። ከእንጨት የተሠራ ማቀፊያ ያንን አይችልም፤ ይሰበራል፤ ሰውም ይጎዳል።

ማቀፊያው ሁለት ቋሚዎችና ከላይና ከታች አግዳሚዎች ያሉት ነው። አናጺያችን አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ቤት ሲሠራ ቋሚው የሚሸከመው ከላይ የሚጫነውን ነው፤ በመጭመቂያ ግን ክሪኩ የላይኛውን አግዳሚ ወደ ላይ፣ የታችኛውን ወደ ታች ስለሚገፋ ቋሚዎቹ ይጎተታሉ። ስለዚህ መገጣጠሚያው በምስማር ከሆነ ይነቀላል። ቋሚዎቹ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ቁመታቸው 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በመካከላቸውም 50 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። አግዳሚዎቹ ከላይም ከታችም ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር ጣውላ በጠባብ ጎኑ ቆሞ፣ ቋሚውን ከፊትና ከኋላ ያቅፉት። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ብሎኖች ከነሮንዴላቸው ይጥበቁ። ብሎኑ ከቋሚው ጫፍ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ያለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚሸሽ አይሁን። ባሕር ዛፉ ጭማቂውን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሽታ አለውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በታችኛው አግዳሚ ላይ ወፍራም ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ጭማቂውን የሚሰበስብ ሰፊ ትሪ ይቀመጣል። በትሪው ላይ አንድ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ታች የሌለው አራት ማዕዘን ቅርጽ ማውጫ፣ በእርሱም ላይ ጨርቁ ይዘረጋል። የደቀቀው ፍሬ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሞላል፤ የጨርቁ ማዕዘኖች እንደ ደብዳቤ ይታጠፋሉ፤ ቅርጽ ማውጫው ይነሣል፤ ሌላ ርብራብ ይደረባል። እንዲህ አምስት ድርብ ሲሞላ 30 ኪሎ ግራም ያህል ፍሬ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ወፍራም ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የብረት ሳህን፣ በሳህኑ ውስጥ ክሪኩ ይቆማል። ሳህኑ የሚያስፈልገው የክሪኩ ዘይት ቢያፈስ ወደ ጭማቂው እንዳይወርድ ነው።

ክሪኩን የሚያነሣ ሰው አይቸኩል። ጥቂት ጨምቆ ያቁም፤ ጭማቂው ወርዶ ሲቀንስ እንደ ገና ይጨምር። የቸኮለ ሰው ጨርቁን ያፈነዳል። በሚጫንበት ጊዜ ሁሉ ሰው ከጎን እንጂ ከፊት ለፊት አይቁም፤ ሕፃናትም ይራቁ። በሚገባ ከደቀቀ 30 ኪሎ ግራም ፍሬ ከ15 እስከ 18 ሊትር ጭማቂ ይጠበቃል። ቅሬቱ ላይ ጥቂት ውኃ ጨምሮ ዳግመኛ መጭመቅም ይቻላል፤ ከጠላ በኋላ እንደሚወጣው ቅራሪ ቀጠን ያለ ነው፤ በዚያው ቀን ለሠራተኞቹ ይሆናል። የመጨረሻው ቅሬት በትኩስነቱ ከገለባ ጋር በመጠኑ ለከብት ይሰጣል፤ የቀረውም ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል።

አሁን ወደ ንጽሕናው እንምጣ። መጭመቂያ ከሚሰበረው ይልቅ በንጽሕና ጉድለት የሚፈርሰው ይበልጣልና ይህን በጥብቅ እንናገራለን። አንደኛ፣ ከብትና በግ በሚሰማሩበት ሥር የወደቀ ፍሬ ለጭማቂ አይሁን፤ ከፍግ የሚመጣ ሕመም ሕፃናትንና አረጋውያንን ክፉኛ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ የጫረው ፍሬ ችግር የለበትም፤ የበሰበሰውና የሻገተው ግን ፈጽሞ አይግባ። በአፕል ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ ጭማቂውን በማሞቅ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ የአፕል ጭማቂ ኮምጣጣ ነውና ብረት ይበላል። ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ በመሆኑ ለትሪ አይሆንም፤ አሉሚኒየምም እንዲሁ። የማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። የኬሚካል ወይም የነዳጅ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ አይነካ። አራተኛ፣ ጨርቁና ርብራቡ በዚያው ቀን በፈላ ውኃ ታጥበው በፀሐይ ይድረቁ፤ እርጥብ ሆነው ካደሩ ይሻግታሉ።

ጭማቂው ተጣርቶ በንጹሕ ጠርሙስ ከተሞላ በኋላ ካልሞቀ በጥቂት ቀናት መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ፣ ከሥራቸው ጨርቅ ተነጥፎ፣ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቁሙ። ጭማቂው ራሱ 75 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ በዚያው ሙቀት 20 ደቂቃ ይቆይና ወዲያው ይከደን። «በከፍታችን ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ይበቃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አዎን ይበቃል፤ በጨንቻ ከፍታ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሚያስፈልገን ደግሞ 75 ነው። ግን በዓይን ግምት አይሁን፤ አንድ ቴርሞሜትር ከመጭመቂያው ጋር ይገዛ። ጭማቂው በአየር ሲነካ ይጠቁራል፤ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ጥቁረቱን ይቀንሳል።

ካልሞቀስ ምን ይሆናል? አውሮፓውያን ሲደር የሚሉት መጠጥ ይሆናል። በፍሬው ቅርፊት ላይ ያለው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በጭማቂው ውስጥ ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ ያህል ስኳር ስላለ ከመቶ 5 ወይም 6 እጅ አልኮል ያለበት መጠጥ ይወጣል። በሚፈላበት ጊዜ ጠርሙሱ አጥብቆ ከተዘጋ ይፈነዳል። ፈልቶ ካበቃ በኋላ አየር እየነካው ሲቆይ ደግሞ አቼቶ ይሆናል፤ አቼቶ ለወጥ ቤት የሚሸጥ፣ ረጅም ጊዜም የሚቆይ ነው።

በዚህ ነገር የኮሚሽናችን የፕሮጀክት ክፍል ሐሳብ ግልጽ ይሁን። ቤተ ክርስቲያናችን የምታወግዘው ስካርን ነው፤ በዝክርና በማኅበር ጠላው ይቀርባል። አንድ ቤተሰብ ጠላና ጠጅ እንደሚጥል ሁሉ በቤቱ ሲደር ቢጥል የራሱ ጉዳይ ነው። በአጥቢያው ስም የሚሸጠው ግን ያልፈላው ጭማቂና አቼቶው ብቻ እንዲሆን እንመክራለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለታማሚ የማይሰጥ ነገር የሰበካውን ስም ሊይዝ አይገባም። ደግሞም መጭመቂያው የሰበካው ቢሆንም ፍሬው የጎረቤት ሁሉ ነው፤ ከአልኮል የሚርቅ የሌላ እምነት ጎረቤታችን ፍሬውን ይዞ ሲመጣ ሳይሳቀቅ መግባት አለበት።

አባቶቻችን ካህናት በዚህ አጋጣሚ ለምእመናን እንዲያስረዱልን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የአፕል ጭማቂ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ለመሥዋዕት አይውልም፤ ለጽዋው የሚሆነው የወይን ፍሬ ነው። «ዘቢብ ተወዷልና በዚህ እንተካው» የሚል አሳብ ከየትም ቢነሣ ከወዲሁ ይታረም። መጭመቂያው ወደ ቤተ ልሔም አይገባም፤ የቤተ ልሔም ንዋይም ወደ መጭመቂያው አይመጣም። ሥራው ከአጥቢያው አጥር ውጭ ወይም በልማት ክፍሉ ቤት ይደረግ።

በመጨረሻ ስለ አስተዳደሩ እንናገር። ማቀፊያው ለብዙ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ መተማመን ከጠፋ ግን በአንድ መከር ይቆማል። ለአገልግሎቱ ከአሥር ሊትር አንድ ሊትር፣ ወይም ተመጣጣኙ ገንዘብ ይከፈል። ይህ ለጨርቅ፣ ለብሎንና ለማገዶ የሚውል የጥገና ገንዘብ እንጂ አሥራት አይደለም፤ ከሙዳየ ምጽዋትም ጋር አይቀላቀል። በሕጋዊ ደረሰኝ ገብቶ በራሱ መዝገብ ይያዝ፤ በየሩብ ዓመቱም ለምእመናን ይነበብ። ተራው በመጡበት ቅደም ተከተል ይሁን፤ የኮሚቴ አባል ፍሬ ከመበለቲቱ ፍሬ አይቅደም። ቁልፉን አንድ ሰው፣ መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዝ። ጭማቂውን ለገበያ ከማውጣታችሁ አስቀድሞ ስለ ፈቃዱና ስለ ጤና ቁጥጥሩ የወረዳችሁን ጽሕፈት ቤት አማክሩ።

ከዚህ ጉባኤ ስትመለሱ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አናጺያችሁን፣ ሸማኔያችሁንና መዝገብ ያዣችሁን ሰይማችሁ ስማቸውን ላኩልን። በአጥቢያችሁ ስንት ቤተሰብ አፕል እንዳለው፣ ከፍሬውም ምን ያህሉ እንደሚባክን ቆጥራችሁ ጻፉልን። እንጨቱን ዛሬ አስቆርጡ፤ ሊደርቅ ጊዜ ይፈልጋልና። እኛ በበኩላችን የማቀፊያውን ንድፍ ከነልኩ እንልካለን፤ በመጀመሪያው የመጭመቂያ ቀንም ከእናንተ ጋር ቆመን እንሠራለን።

ዛፎቹ በቅርቡ ያብባሉ። ፍሬው ጠብቁኝ ብሎ አያውቅም፤ እኛም ሳንዘጋጅ አይድረስብን።

የደጋውን ፍሬ የባረከ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።